አምስት ባቡር ወደ ቺዙሩ

ቶኪዮ ውስጥ የሰው ጠባይ የሚታወቀው ባቡር ሲቀይር ነው። ፉርጎ ውስጥ እያለማ ሁሉም አንድ ነው፤ ያንቀላፋል፣ ጋዜጣውን አጣጥፎ ያነባል፣ ወይም የፊት ለፊቱን ሰው ጫማ ያያል። በሩ ተከፍቶ ወደ ሌላ ባቡር መሻገር ሲመጣ ግን ጉዱ ይወጣል። አንዱ ገና ባቡሩ ሳይቆም በሩ ላይ ይለጠፋል። ሌላው ሰው ሁሉ እስኪወርድ ቆሞ አሳልፎ፣ የሚቀጥለው ባቡር ጥሎት ሲሄድ እያየ ፈገግ ይላል። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ስንቀው ኖሬ፣ ኋላ ከእነሱው አንዷን ወደድኩ።

ስሜ ሞሪኦ ኪታዙሜ ይባላል። ያኔ፣ በኪስ የሚያዝ ስልክ ገና ሳይመጣ፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበርኩ። የባቡር ሰዓት ሰሌዳ እንደ መጽሐፍ ጠርዞ በየወሩ በሚያወጣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ቁጥር አርም ነበር። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ውሎ ማታ የባቡር ስም መስማት አይፈልግም። እኔ ግን እሁድ እሁድ ደብተሬን ይዤ እወጣና የትኛው ጣቢያ ላይ፣ ከስንተኛው ፉርጎ፣ በስንተኛው በር ቢወረድ ደረጃው ፊት ለፊት እንደሚገኝ እመዘግብ ነበር። እናቴ፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት እሳት ስታነድ ያሳደገችኝ ሴት፣ «ሚስት በስንተኛው ፉርጎ እንደምትገኝ ጽፈህ ብታመጣልኝ ምናለ?» ትለኝ ነበር።

ሚስት ባትሆንም፣ ለጥቂት ጊዜ ልትሆን ምንም ያልቀራት ሴት አራተኛው ፉርጎ ፊት ለፊት ተገኘች።

እኔ የምኖርበት የሃናኦ መስመር ዝግተኛ ባቡር ኩሬባሺ ጣቢያ ሲደርስ ወደ ከተማ የሚገባው ፈጣን ባቡር እዚያው መሳፈሪያ ላይ፣ ማዶ ለማዶ ቆሞ ይጠብቀዋል። ለመሻገር ያለው ጊዜ አርባ ሴኮንድ ነው። ያቺ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ልጅ በየቀኑ ኩሬባሺ ላይ ትቆማለች፣ በየቀኑም ሰው ይገፋትና ፈጣኑ ጥሏት ይሄዳል። አሥራ አንድ ቀን አየሁ። በአሥራ ሁለተኛው አልቻልኩም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳት። «ሁልጊዜ የሚቆሙት ሰባተኛው ፉርጎ ላይ ነው። እዚያ ሰው ይበዛል። ከነገ ጀምሮ እዚህ፣ አራተኛው ጋ ይቁሙ። ሁለተኛው በር ላይ። መጨረሻው ጣቢያ ሲደርሱም ደረጃው ፊትዎ ነው።»

«የባቡር ሠራተኛ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

እሷ ሳቀች። በማግሥቱ ዝግተኛው ኩሬባሺ ገብቶ በሩ ሲከፈት ልክ ፊት ለፊቴ ቆማ አገኘኋት። ስሟ ቺዙሩ ነበር፤ በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ለደንበኛ የተገዛውን ዕቃ በወረቀት የምትጠቀልል፣ ከካናዛዋ የመጣች፣ ከጣቢያው አጠገብ አክስቷ ቤት የምትኖር።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሃያ ሁለት ደቂቃ አብረን ተጓዝን። በተጨናነቀ የጠዋት ባቡር ውስጥ ሰው አያወራም፤ ካወራም ሁሉም ዞሮ ያየዋል። ስለዚህ ተጻጻፍን። እሷ በመደብሯ መጠቅለያ ወረቀት ቁራጭ ላይ፣ እኔ በታረመ የሰዓት ሰሌዳ ጀርባ ላይ። ደብዳቤውን እጅ ለእጅ ስንለዋወጥ ጣቶቿ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነበሩ። «ምነው እንዲህ በረድሽ?» ብዬ አንድ ቀን ጻፍኩላት። «አሥር ደቂቃ ቀድሜ ስለምመጣ ነው» ብላ መለሰችልኝ። እኔ ደግሞ በክረምት ብርድ አሥር ደቂቃ መቆም አላስፈላጊ መሆኑን፣ ባቡሬ በትክክል ስንት ሰዓት ከስንት ሴኮንድ እንደሚደርስ በዝርዝር ጻፍኩላት። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

የቺዙሩ ቤተሰብ ካናዛዋ ውስጥ ለዘጠኝ ትውልድ ወርቅ እየቀጠቀጠ ከሽንኩርት ልጣጭ ይልቅ አቅጥኖ የሚሸጥ ቤት ነው። ወንድ ልጅ የላቸውም፤ እሷ አንድያ ናት። እንዲህ ያለ ቤት ልጁን አይድርም፤ አማች ያስገባል። አማቹ የቤቱን ስም ወስዶ፣ የሙያውን ወንበር ወርሶ፣ እዚያው ይቀራል። አባቷ ከሠራተኞቹ ሁሉ በእጁ የተመሰገነውን መርጦ ጨርሷል። ለእሷ የተፈቀደላት ቶኪዮን ሁለት ዓመት አይታ እንድትመለስ ብቻ ነበር።

አባቷ ስለ እኔ ሲሰማ እንደ ደንቡ ሰው ልኮ ማንነቴን አስጠና። የመጣለትን ወረቀት ቺዙሩ አንብባዋለች፦ አባት የለውም፣ እናቱ እሳት አንዳጅ፣ ሥራው ቁጥር አራሚ፣ የትርፍ ጊዜ ልማዱ በባቡር መዞር። አባቷ ወረቀቱን አጥፎ «በሰው ባቡር የሚኩራራ ሰው እቤቴ አይገባም» አለ። ሳቄ መጣ፤ ግን እውነቱን ነበር።

መጋቢት መግቢያ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ቺዙሩ ሳታየኝ ደብዳቤ አቀበለችኝ። ቢሮ ደርሼ ከፈትኩት።

«ሞሪኦ፤ እሁድ አባቴ የመረጠው ሰው የእጮኛ ስጦታ እቤታችን ይገባል። ከገባ በኋላ መመለስ የለም። ቅዳሜ እናቴ ልትወስደኝ ትመጣለች፤ ከኡኤኖ ጣቢያ የምንሳፈረው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ኩሬባሺ መሳፈሪያው ላይ ካለው ሰዓት ሥር እቆማለሁ። መጥተህ አትሂጂ ካልከኝ አልሄድም። የመጣውን አብረን እንጋፈጠዋለን። ካልመጣህ አልቀየምህም፤ ሰው የአቅሙን ነው። ብቻ ና።»

ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለደረሰው ሰው መልሱ ምን መሆን ነበረበት? እወድሻለሁ፣ አንቺ ከሌለሽ ሞቼ ልቅር፣ ሌላው ቢቀር «እመጣለሁ»። እኔ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ሦስት ከሃምሳ ሰባት የሚደርሰው ዝግተኛ። አራተኛ ፉርጎ፣ ሁለተኛ በር። አንድ ደቂቃ አላስጠብቅሽም።»

ዓርብ ጠዋት ስሰጣት እዚያው ከፍታ አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ልትለኝ ፈልጋ ነበር፤ ባቡሩ ግን ሰው ሞልቶት ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጓንቷ ውስጥ ከተተችው። እኔም ጓንት ውስጥ መግባቱን አይቼ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቅዳሜ ሲነጋ እርጥብ፣ ከባድ በረዶ እየወረደ ነበር። ያለኝን አንድ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ አራተኛው ፉርጎ፣ ሁለተኛው በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ከኩሬባሺ ሁለት ጣቢያ ሲቀረን፣ ናካዶ ላይ፣ ባቡሩ በሩን ከፍቶ ቆመና አልዘጋ አለ። ሦስት ከአርባ ሰባት። ፊት ለፊት ያለው የቀርከሃ ጫካ በረዶ ተሸክሞ ጎብጦ ኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ተኝቷል፤ መቼ እንደምንነሳ አይታወቅም፤ መጠበቅ የማይችሉ መንገደኞች በሌላ ድርጅት ባቡር የሚያሳፍር ወረቀት ከመውጫው በር መውሰድ ይችላሉ ተባለ።

ከአጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ከቦርሳቸው መንደሪን አውጥተው መላጥ ጀመሩ። እኔ ተነሥቻለሁ።

«ተቀመጥ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ቀርከሃ ነው። መጋዝ ይዘው መጥተው ይቆርጡታል፣ አለቀ።»

«ቀጠሮ አለኝ እማማ።»

«ሁላችንም አለን። የእኔው ጥርስ ሐኪም ጋ ነው፣ አየህ፣ አልቸኮልኩም።» ግማሹን መንደሪን ዘረጉልኝ።

መንደሪኑን አልተቀበልኩም። የቆመ ባቡር ውስጥ መቀመጥ ለእኔ ከመታሰር አይለይም። የባቡር አፍቃሪ ሁሉ እንዲህ ነው፤ መስመር ሲቆም ሌላው ያዝናል፣ እኛ ጭንቅላታችን ውስጥ ካርታ ይዘረጋል። ወረቀቱን ተቀብዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ሰባት ደቂቃ በበረዶ ውስጥ ሮጬ ሱገኖ ጣቢያ። ከዚያ ከከተማው ወደ ውጭ የሚወጣውን ባቡር ያዝኩ፤ ሞኝ ሰው ወደ ከተማ የሚገባውን ይይዝና ግማሽ ሰዓት ያቃጥላል። ሁለት ጣቢያ ወጥቼ፣ ተሻግሬ፣ የመሬት ውስጡን ይዤ፣ እንደገና ወጥቼ። አምስት ባቡር። አንድም በር አልሳትኩም፤ በእያንዳንዱ ጣቢያ ላይ በሩ ሲከፈት ደረጃው ፊቴ ነበር። እየሮጥኩ እንኳ ሰዓቱን ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። ሊያመልጠኝ የነበረ ባቡር በሩ ሊዘጋ ሲል ዘልዬ ስገባ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ፤ ከፍርሃት ብቻ አልነበረም።

አራት ከሠላሳ ሦስት ላይ ኩሬባሺ ሰዓት ሥር ቆምኩ። ቺዙሩ የለችም።

ዘገየሁ፣ እሷ ግን መስመሩ መቆሙን ሰምታ ይሆናል፣ ትመጣለች አልኩ። እናቷ ይዛት ይሆናል፣ ትመጣለች አልኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቆሜ ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። እግር ከታች ጀምሮ ይበርዳል፤ ከደረጃው ብቅ የሚለው ሰማያዊ ነገር ሁሉ ልብ ያዘልላል፤ የሌላ ሰው ካፖርት ሲሆን ልብ ተመልሶ ይወድቃል። እሷ ይህን በየጠዋቱ ስትኖረው አሥራ አራት ወር ሞልቷታል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ይህን ብቻ አሰብኩ።

በመጨረሻ ወደ መውጫው በር ሄድኩ። እዚያ መንገደኛ ለመንገደኛ መልእክት የሚተውበት ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ሰዓቱ ያለፈበትን የጣቢያው ሠራተኛ ያጠፋዋል። ጨርቁን ይዞ ከላይ ጀምሮ እየጠረገ ነበር። ከእጁ ሥር ስሜን አየሁ።

«ይጠብቁ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰውየው ደንግጦ እጁን አነሣ። ጽሕፈቷን በአንዴ አወቅኩት፦ «አራት ከሃያ ስምንት። ሞሪኦ፤ ባቡርህ ድረስ ሄጄ ነበር። አልነበርክበትም። ገባኝ። ደህና ሁን።»

«ናካዶ ላይ የቆመው ባቡር…» አልኩ። «እሱ ባቡር ስንት ሰዓት ገባ?»

«የቀርከሃው? ቶሎ ቆረጡትኮ። አራት ከሃያ አራት ላይ እዚህ ደረሰ።» ሰውየው ፊቴን አይቶ ጨርቁን አወረደ። «ጌታው፣ ደህና ነዎት? ትንሽ ይቀመጡ።»

አራት ከሃያ አራት። እኔ አምስት ባቡር ቀያይሬ፣ ሳንባዬ እስኪፈነዳ ሮጬ፣ ጥዬው ከወረድኩት ባቡር ዘጠኝ ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን ደግሞ ማን መልሶ ይለቅምልኛል?

ኡኤኖ ስደርስ ስድስት ከአሥራ ስምንት ሆኗል። ለሸኚ የሚሸጠውን መግቢያ ወረቀት ቆርጬ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ወረድኩ። የካናዛዋው ፈጣን ባቡር ቆሟል። በር በሩን እያየሁ ስሮጥ አንዲት ግራጫ ኪሞኖ የለበሱ ሴት መንገዴ ላይ ቆሙ። አይተውኝ አያውቁም፣ እኔም አላየኋቸውም። ግን ዓይናቸው የእሷው ዓይን ነው።

«ኪታዙሜ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ቀና ለማለት አፈርኩ።

«ጫማዎ ርሷል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬ ጠዋት ለእኔ የተተወ ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ለአባቷ አልነገርኩም። እኔ አሁን ምሳ ልገዛ ነው። የምሳ ሣጥን የሚሸጥበት ወረፋ ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ ምርጫ ያስቸግረኛል።» ከአጠገቤ ሲያልፉ እጃቸው እጄን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀ። የእናቴን ያህል ወደድኳቸው።

ቺዙሩ በሩ ላይ፣ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ነበር። ካፖርቷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል። መዳፏ በመሐረብ ታስሯል።

«ምን ሆነሽ ነው እጅሽ?»

«ወደቅሁ።» እንደ ማንኛውም ነገር ነው ያለችው። «መስመሩ ቆመ ሲሉ፣ ባቡሩ ናካዶ ነው ሲሉ፣ ሞሪኦ እዚያ ተቀምጦ እየተቁነጠነጠ ነው አልኩ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ተነሥቼ በባቡሩ መንገድ ዳር ሮጥኩ። ታክሲ የለም፣ በረዶው እዚህ ድረስ ነው። አራተኛው ፉርጎ፣ ሁለተኛው በር። ብለኸኝ የለ? ጽፈህልኝ የለ? ገባሁ። አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው የተቀመጡት። ከዚያ አሥሩንም ፉርጎ አየሁ። ሁለት ጊዜ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ገና እየፈለግኩህ ነበር። አልተሳፈረም ማለት ነው፣ ጭራሹን ከቤቱ አልወጣም ማለት ነው አልኩ።»

«ተሳፍሬ ነበር! ቺዙሩ፣ እምልልሻለሁ፣ እዚያው ነበርኩ! እዚያችው ቦታ!»

«እና የት ሄድክ?»

«ወደ አንቺ! ወደ አንቺ እየመጣሁ ነበር። ተቀምጬ መጠበቅ አልቻልኩም። ቀየርኩ፤ አምስት ባቡር ቀየርኩ! ካላመንሽኝ ይኸው።» ደብተሬን ከደረት ኪሴ አወጣሁ። ነፃ የሚያወጣኝ ምስክር ነበር የመሰለኝ። ገጹን ገልጬ ሰጠኋት። «ይኸው፣ ሰዓቱ ሁሉ አለ። አንድ ደቂቃ አልባከነም።»

ባልታሰረው እጇ ያዘችው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ከላይ ወደ ታች አነበበች። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለዝብ አየሁ፤ አመነችኝ፤ ነፍሴ መለስ አለች። ከዚያ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አራት ከአሥር» ብላ ጮክ ብላ አነበበች። «ሂዶ ጣቢያ። ከመሬት ውስጥ ወደ ላይ በሃምሳ ሴኮንድ። ድንቅ!» ቀና አለች። «ሁለት ጊዜ አስምረህበታል።»

ደብተሩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

«አራት ከአሥር ላይ እኔ ተንበርክኬ ጓንቴን ከበረዶ ውስጥ እፈልግ ነበር። ወረቀትህ ውስጡ ነበረች።» አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። «እውነቱን ንገረኝ ሞሪኦ። ደስ ብሎህ ነበር አይደል?»

መዋሸት እችል ነበር። ለእሷ ግን ዋሽቼ አላውቅም።

«ለአፍታ» አልኩ። «ያኔ ለአፍታ፣ አዎ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ሳይጠራ ዝም ብሎ ወረደ። «አውቅ ነበር» አለች። «አንተ ባቡሩን እንደምትወድ አውቅ ነበር። እሱን አይደለም የጠላሁት። እሱንማ ወድጄልህ ነበር። እኔ ግን ሻንጣዬን ይዤ ነው የሄድኩት፣ ገባህ? ይህን ሻንጣ። አትሂጂ እስክትለኝ አልጠበቅኩም። ለእማዬ ደብዳቤ አክስቴ ጋ አስቀምጬ፣ አልመለስም ብዬ ጽፌ፣ ጨርሼ ነው የወጣሁት። አንተ ዝም ብለህ ብትቀመጥ ኖሮ… ምንም ሳታደርግ ብትቀመጥ ኖሮ፣ መጥቼ ጭንህ ላይ ነበር የምወድቀው።»

እዚያው ብቀመጥ። አሮጊቷ የዘረጉልኝን መንደሪን ተቀብዬ ብበላ። ከዚህ የበለጠ ነገር ማንም አልጠየቀኝም ነበር። የባቡሩን በር ብረት ያዝኩ።

«አትሂጂ» አልኩ። «አትሂጂ ቺዙሩ። በሕይወቴ ሌላ ነገር አልለምንሽም።»

«አሁን መቅረት አልችልም። እናቴን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጥዬ መሄድ አልችልም፤ እሷም እዚያ ከአባቴ ፊት ብቻዋን ትቆማለች።» መሐረብ የታሰረውን እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። «አንተ ና። እኔ አንዴ መጣሁልህ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው። ግባ። አጠገቤ ተቀመጥ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ነው፣ የሚቀየር ባቡር የለም፤ እስክንደርስ አጠገቤ መቀመጥ ብቻ። ከዚያ አባቴ ፊት አብረን እንገባለን። ያባርርሃል፣ አብረን እንባረራለን። ና፣ ግባ።»

ያን ጊዜ እናትየዋ ሲመለሱ አየሁ። በሁለት እጃቸው በወረቀት የተጠቀለለ የምሳ ሣጥን ይዘዋል። ሦስት ነበር። ሳያዩን በሚቀጥለው በር ገቡ። የመነሻው ደወል መደወል ጀመረ፣ ቺዙሩ እጇን እንደዘረጋች ናት፣ በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው ነገር ሁሉ ከአንድ ደረጃ በላይ ቆሟል። እኔ አፌን ከፈትኩ።

«ትኬት የለኝም» አልኩ።

መጀመሪያ የሰማችኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ሰማች። እጇ ቀስ ብሎ ወረደ።

እንደዚያ ማለት አልፈለግኩም። ልገባ ነበር፤ እግሬን አንሥቼ ነበር ብዬ አሁንም ለራሴ እነግረዋለሁ። ግን ከራሴ በላይ ካለው ድምፅ ማጉያ የጣቢያው ሰው፣ «የካናዛዋ ባቡር ሊነሳ ነው፤ አደጋ እንዳይደርስ እባክዎ ከነጩ መስመር ወደ ኋላ ይቁሙ» አለ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቀን ሃያ ጊዜ የሰማሁት ድምፅ ነው። ሁለቱ እግሮቼ እኔን ሳይጠይቁኝ ወደ ኋላ ተራመዱ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት። ቁልቁል አየሁ፤ ጫማዬ ከነጩ መስመር በስተኋላ፣ ልክ መቆም ያለበት ቦታ ላይ ነበር።

ቺዙሩም ጫማዬን አየች። ደብተሩን አጎንብሳ መሳፈሪያው ላይ፣ እግሬ ሥር አኖረችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆማ፣ መደብሯ ውስጥ ዕቃውን ገዝቶ ለሚሄድ ደንበኛ እንደሚደረገው፣ በሁለት እጇ ጉልበቷን ነክታ እጅ ነሣችኝ። ከዚያ ጎንበስ እንዳለች በሩ ተዘጋ።

ባቡሩ ሲሄድ ሰከንዱን አልቆጠርኩም። ሰው እየተጋፋ አለፈኝ፤ የፅዳት ሠራተኛ መጥታ «ይህ የእርስዎ ነው?» ብላ ደብተሩን አነሣችልኝ፤ አይደለም አልኳት። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያ ባቡር ውስጥ ትኬት የሌለው ሰው ከተቆጣጣሪው ላይ መግዛት ይችላል፤ መጀመሪያ መግባት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ይህን ደንብ በዚያን ቀን ቶኪዮ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።